ከጥገና በኋላ የሚፋተግ የሞተር ሳይክል የፊት ፍሬን፦ መንስኤውና መፍትሔው

ደባርቅ፦ በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት የደባርቅና የዳባት ወረዳዎች ሞተር ሳይክል የቅንጦት ዕቃ አይደለም። የግብርና ልማት ሠራተኛው ከቀበሌ ቀበሌ የሚዘዋወርበት፣ የእንስሳት ሐኪሙ ክትባት ይዞ የሚደርስበት፣ ነጋዴው ነጭ ሽንኩርቱንና ድንቹን ከገበያ የሚያገናኝበት፣ የታመመ ሰው ከገጠር ወደ ዋናው መንገድ የሚወጣበት የሥራ መሣሪያ ነው። መንገዱ ግን ለመሣሪያው አይራራም። ከደባርቅ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀው መንገድም ሆነ ከዳባት ወደ ወቅንና ወደ ሌሎች የገጠር ቀበሌዎች የሚወስዱት መንገዶች በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራና ጠጠር ናቸው። በዚህ ምክንያት የሞተር ሳይክል የፊት ክፍል በዓመት ውስጥ ደጋግሞ ይፈታል። አንድ ቀን ጎማው ይተነፍሳል፤ ሌላ ቀን ኩሽኔታው ያልቃል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የፊት አሞርዛተሩ ጎሚኒ ተቀዶ ዘይት ያፈስሳል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጥገናው በኋላ ነው። የተፈታው ሁሉ ተመልሶ ተገጥሞ፣ ብሎኑ ሁሉ ጠብቆ፣ ሞተሩ ለጉዞ ሲነሣ ከፊት ጎማው በኩል የመፋተግ ድምፅ ይሰማል፤ ጎማው በእጅ ሲሽከረከርም እንደ ቀድሞው በነፃነት አይዞርም። ብዙ አሽከርካሪዎች «ሲነዳ ይለቃል» ብለው ያልፉታል። አንዳንዴ እውነትም ይለቃል። ሌላ ጊዜ ግን መፋተጉ ቁልቁለት መሐል ፍሬኑን ወደ ማጋል፣ ከዚያም ወደ መክዳት ያደርሰዋል። ይህ ጽሑፍ መፋተጉ ለምን እንደሚፈጠር፣ የትኛው የሚያሰጋ፣ የትኛው የማያሰጋ እንደሆነ፣ እንዴትስ እንደሚስተካከል በቅደም ተከተል ያብራራል።

በዚህ አካባቢ ጉዳዩ ለምን ይከብዳል?

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከከተማዋ ወጥቶ ወደ ዛሪማና አዲ አርቃይ የሚያቀና ሰው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከደጋ ወደ ቆላ ይወርዳል። ሊማሊሞን በመኪና መንገድነት የከፈተው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ባሉት ዓመታት የተካሄደው ሥራ ነው። በጋራዦቻችን የሚነገሩት ፍሬን፣ ፔርኖ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላትም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

በእንዲህ ዓይነቱ ቁልቁለት የሞተር ሳይክልን ክብደት በዋናነት የሚገታው የፊት ፍሬን ነው። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ወደ ፊት ያጋድላል፤ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ የፊተኛው መሬቱን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ከማቆም ኃይሉ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከፊት ይመጣል። ያለማቋረጥ የሚፋተግ የፊት ፍሬን ደግሞ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ገና ሜዳ ላይ ይግላል። ነዳጅ ያባክናል፤ ሸራ ይበላል፤ በተፈለገበት ሰዓት ግን ኃይሉ ይደክማል።

በመጀመሪያ ችግር መሆኑን ማረጋገጥ

እያንዳንዱ ድምፅ ብልሽት አይደለም። በዲስክ ፍሬን ላይ ሸራዎቹ ዲስኩን በጣም ተጠግተው ስለሚቀመጡ ቀለል ያለ የማንሾካሾክ ድምፅ የተለመደ ነው። ልዩነቱን ለማወቅ ሞተሩን በመሐል መቆሚያው አቁሞ፣ መቆሚያ ከሌለው ከሞተሩ ሥር ጠንካራ እንጨት ደግፎ የፊት ጎማውን ከመሬት ማንሣት ያስፈልጋል። ከዚያም ጎማውን በእጅ ማሽከርከር ነው። ቀላል ድምፅ እያሰማ ደጋግሞ ከዞረ ጤነኛ ነው። እጅ እንደለቀቀው ከቆመ፣ ወይም ግማሽ ዙር ሳይሞላ ከተያዘ ፍሬኑ ይዟል ማለት ነው።

ሁለተኛው መፈተሻ ሙቀት ነው። ሜዳማ በሆነ መንገድ፣ የፊት ፍሬንን ሳይነኩ በዝግታ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ነድቶ መቆም። ዲስኩን በእጅ መንካት ስለሚያቃጥል አይገባም፤ የእጅን ጀርባ በቅርብ ርቀት አድርጎ ሙቀቱን መለየት ይቻላል። ከጣት ጫፍ አንዲት የውኃ ጠብታ ሲንጠባጠብበት ጭስ ብላ ከተነነች ዲስኩ ከሚገባው በላይ ግሏል። በደባርቅ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ፍሬን ሳይያዝ እዚህ ሙቀት የደረሰ ዲስክ ጤናማ አይደለም። ጠብታዋ ለመፈተሻ ብቻ ናት። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ መድፋት ብረቱን ሊያጣምመው ስለሚችል ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

የዲስክ ፍሬን እንዴት ይሠራል?

መፍትሔውን ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ዲስኩ ከጎማው ጋር ይዞራል። ካሊፐር የሚባለው፣ ዲስኩን ከሁለት በኩል አቅፎ የያዘው የብረት ክፍል ደግሞ በአሞርዛተሩ እግር ላይ ታስሯል። የፍሬን እጀታው ሲጨበጥ ዘይቱ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ አንደኛውን ሸራ በዲስኩ ላይ ይለጥፋል። በብዙዎቹ የአገር ውስጥ ሞተሮች ላይ ያለው ካሊፐር በሁለት ፒኖች ላይ የሚንሸራተት ስለሆነ፣ በአጸፋው ራሱ ተስቦ ሁለተኛውን ሸራ ከሌላው ወገን ያመጣል።

እጀታው ሲለቀቅ ፒስተኑን ወደ ኋላ የሚመልስ ጠንካራ ሞላ የለም። የሚመልሰው በዙሪያው ያለው ጎሚኒ ነው። ጎሚኒው ፍሬን ሲያዝ ከፒስተኑ ጋር ጥቂት ይለጠጣል፤ ሲለቀቅም ወደ ቅርጹ እየተመለሰ ፒስተኑን ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ወደ ኋላ ይስበዋል። ሸራውና ዲስኩ የሚለያዩት በዚህች ጠባብ ክፍተት ነው። ከዚህ የተነሣ ጎማው ወይም ካሊፐሩ ከቦታው በጥቂቱ እንኳ ዝንፍ ካለ መፋተግ ይጀምራል።

ከመገጣጠም በኋላ የሚከሰቱ ዋና ዋና መንስኤዎች

አንደኛ፣ የፔርኖው አጠባበቅ ቅደም ተከተል። ከሁሉ በላይ የሚዘነጋው ይህ ነው። በብዙ ሞተሮች ላይ ፔርኖው በአንደኛው የአሞርዛተር እግር ሥር ጨምቃ በምትይዝ ትንሽ ብሎን ይታሰራል። ይህች ብሎን ቀድማ ከጠበቀች እግሩ ከተፈጥሮ ቦታው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ እንደተሳበ ይቀራል። ካሊፐሩም ከእግሩ ጋር ያጋድላል፤ አንደኛው ሸራ ዲስኩን ይጫናል፤ አሞርዛተሩም ይደርቃል። ትክክለኛው አሠራር የሚከተለው ነው፦ መጀመሪያ የፔርኖውን ዋና ዳዶ ማጥበቅ፤ ጨማቂዋን ብሎን ላላ አድርጎ መተው፤ ጎማውን መሬት ላይ ማሳረፍ፤ የፊት ፍሬኑን ጨብጦ መሪውን አምስት ስድስት ጊዜ ወደ ታች መጫንና መልቀቅ። በዚህ ጊዜ እግሩ በፔርኖው ላይ ተንሸራቶ ትክክለኛ ቦታውን ይይዛል። ጨማቂዋ ብሎን የምትጠብቀው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የማራራቂያ ቀለበቶች መቀያየር። በጎማው ግራና ቀኝ ፔርኖው የሚያልፍባቸው አጫጭር የብረት ቀለበቶች አሉ። ርዝመታቸው ብዙ ጊዜ አይመሳሰልም። የግራው ወደ ቀኝ ከገባ ወይም አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ ከቀረ ጎማው በሙሉ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ጥርስ ያለበት ክፍልም እንዲሁ ነው፤ ጆሮዎቹ በተዘጋጀላቸው ጎድጓዳ ውስጥ ካልገቡ እንደ ተጨማሪ ራንዴላ ሆኖ ጎማውን ይገፋዋል፤ ዳዶው ሲጠብቅም ይሰበራል። ጎማ ከመፈታቱ በፊት የሁለቱን ወገን ፎቶግራፍ በስልክ ማንሣት ይህን ስሕተት ያስቀራል።

ሦስተኛ፣ ጎማው ወልቆ ሳለ እጀታው መጨበጡ። ሞተሩ በጎሚስታ ደጅ ጎማው ተፈትቶ ሲቆም አንድ ልጅ እጀታውን ቢጨብጥ፣ መሐላቸው ዲስክ ስለሌለ ፒስተኑ ከልኩ በላይ ይወጣል። ዲስኩም በሸራዎቹ መካከል በግድ ይገባል። መፍትሔው የዘይት ማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍቶ፣ ፒስተኑን በለስላሳ ጠፍጣፋ እንጨት ቀስ አድርጎ ወደ ቤቱ መመለስ ነው። ሲመለስ ዘይቱ ከላይ ሊፈስ ስለሚችል በጨርቅ መያዝ ያሻል፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ ይታጠባል። ይህ ሁሉ እንዳይመጣ ጎማው እንደወለቀ በሸራዎቹ መካከል የዲስኩን ያህል ውፍረት ያለው እንጨት ወይም ካርቶን ማስገባት በቂ ነው።

አራተኛ፣ የካሊፐሩ ፒኖች መድረቅ። ካሊፐሩ ተፈትቶ ሲነካካ በፒኖቹ ላይ የተጋገረው ጭቃና ዝገት ይነቃነቃል። ካሊፐሩ በእጅ ሲገፋና ሲሳብ ካልተንሸራተተ አንደኛው ሸራ ብቻ ይሠራል፤ እሱም አይለቅም። ፒኖቹን አውጥቶ ማጽዳት፣ የጎማ ሽፋናቸው የተቀደደ እንደሆነ መቀየር፣ ከዚያም ለፍሬን የተሠራ ሙቀት የሚችል ግራሶ በስሱ መቀባት ያስፈልጋል። ለኩሽኔታ የሚሆነው ተራ ግራሶ የካሊፐሩን ጎማዎች ስለሚያሳብጥ አይመከርም።

አምስተኛ፣ የዲስክ መጣመም። መፋተጉ በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰማ፣ «ሽ… ሽ… ሽ…» እያለ የሚመላለስ ከሆነ ጥፋቱ የዲስኩ ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ሽቦ በአሞርዛተሩ እግር ላይ አስሮ ጫፉን ወደ ዲስኩ ማስጠጋትና ጎማውን በዝግታ ማዞር ነው። ክፍተቱ በአንድ ቦታ የሚጠብና በሌላ የሚሰፋ ከሆነ ዲስኩ ጠሟል። በብዙ የአምራቾች መመሪያ የሚፈቀደው መጣመም 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ ከመግዛት በፊት ግን ዲስኩን ፈትቶ በእሱና በጎማው እምብርት መካከል አፈር ወይም ዝገት ገብቶ እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው። ዲስክን በመዶሻ ማቃናት አደገኛ ነው።

ስድስተኛ፣ የታፈነ የዘይት ግፊት። ጎማው ሲነሡ ነፃ ሆኖ፣ ጥቂት ከተነዳ በኋላ እየያዘ የሚሄድ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ዘይቱ ያመራል። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል። የተስፋፋው ዘይት በመሪው ላይ ወዳለው ማጠራቀሚያ የሚመለስበት ጠባብ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው በቆሻሻ ከተደፈነ፣ ማጠራቀሚያው እስከ አፉ ከተሞላ ወይም እጀታው ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ግፊቱ መውጫ ያጣል። ፍሬኑ በራሱ ይይዛል፤ ሲይዝ ይግላል፤ ሲግል የበለጠ ይይዛል። መለያው ቀላል ነው፦ ፍሬኑ በያዘበት ሰዓት በካሊፐሩ ላይ ያለችውን የማስተንፈሻ ብሎን በጥንቃቄ ጥቂት ማላላት። ጥቂት ዘይት ወጥቶ ጎማው ከተለቀቀ ጥፋቱ ከላይ፣ በመሪው በኩል ካለው ፓምፕ ወይም በቱቦው ውስጥ ነው። ጎማው ካልተለቀቀ ጥፋቱ ከታች፣ በካሊፐሩ ወይም በአገጣጠሙ ነው። ብሎኗ ከተነካች በኋላ ፍሬኑ አየር እንዳልገባበት መረጋገጥ አለበት።

ታምቡር ፍሬን ላላቸው ሞተሮች

በገጠር ከሚሠሩት ሞተሮች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ አንዳንድ የቦክሰርና የያማሃ ኤጂ ዓይነቶች፣ ከፊትም በታምቡር ፍሬን የሚሠሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት አንድ ነገር አለ። ሸራዎቹን የተሸከመው ክዳን ላይ ያለው ጎድጓዳ በአሞርዛተሩ እግር ላይ ካለው የብረት ጉብታ ጋር መገጣጠም አለበት። ክዳኑ እንዳይዞር የሚያግደው ይህ ጉብታ ብቻ ነው። ሳይጋጠም ቢቀር ፍሬን በተያዘ ቅጽበት ክዳኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ ገመዱን ይበጥሳል፤ ጎማውንም ሊቆልፍ ይችላል። ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ስሕተት በመሆኑ በዓይንም በእጅም መረጋገጥ ይገባዋል።

ጉብታው በትክክል ገብቶ መፋተጉ ካልቀረ ሸራዎቹ ከታምቡሩ መሐል አልተቀመጡም ማለት ነው። ለማስተካከል የፔርኖውን ዳዶ ማላላት፣ ጎማውን ማሽከርከር፣ እየዞረ ሳለ የፍሬን እጀታውን በኃይል መጨበጥ፣ እንደተጨበጠ ይዞ ዳዶውን ማጥበቅ። ሸራዎቹ በታምቡሩ ላይ ሲለጠፉ ክዳኑን ራሳቸው ወደ መሐል ያመጡታል። ለዚህ ሥራ ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል።

በመቀጠል የገመዱ ልቀት ይስተካከላል። በብዙዎቹ ሞተሮች የእጀታው ጫፍ ፍሬኑ መያዝ ሳይጀምር ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር በነፃ መሄድ አለበት። ከዚያ መሪውን እስከ ጥጉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያዞሩ ጎማውን ማሽከርከር ያሻል። መሪው ሲዞር ብቻ የሚይዝ ከሆነ ገመዱ በተሳሳተ መንገድ ተላልፏል። በታምቡሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ዱቄት በአፍ ወይም በንፋስ ማራገፍ ለሳንባ ጎጂ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

መደረግ የሌለባቸው

መፋተጉን ለማቆም ሲባል የሚደረጉ አንዳንድ ነገሮች ከመፋተጉ የከፉ ናቸው። በዲስኩ ወይም በሸራው ላይ ዘይት ወይም ግራሶ መቀባት ድምፁን ያጠፋል፤ ፍሬኑንም ያጠፋል። ዘይት የነካው ሸራ ይቀየራል እንጂ በቤንዚን ታጥቦ አይታመንም። የካሊፐሩን ማሰሪያ ብሎኖች አላልቶ መንዳት፣ ራንዴላ እየጨመሩ ካሊፐሩን ማራቅ፣ ሸራውን በሞረድ ማሳሳትም መንስኤውን ሳይነኩ አደጋውን ማስቀመጥ ነው። በፍሬን ዘይት ምትክ የሞተር ዘይት መጨመር ደግሞ የውስጥ ጎሚኒዎችን አሳብጦ ፍሬኑን በቋሚነት ያስይዘዋል። የሚፈለገው የዘይት ዓይነት በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ተጽፎ ይገኛል።

የዘይቱ ዕድሜም ችላ አይባልም። አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ እንዲቆይ ደረጃው ያስገድዳል። ነገር ግን ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት ሲገባው መለኪያው ለዶት 3 ወደ 140፣ ለዶት 4 ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ዘይት ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። አሽከርካሪው እጀታውን ሲጨብጥ እስከ መሪው ድረስ ይገባለታል፤ ሞተሩ ግን አይቆምም። የሚፋተግ ፍሬንና ያረጀ ዘይት በአንድ ሞተር ላይ ተገናኝተው ሊማሊሞን መውረድ የሚያስፈራው ለዚህ ነው።

ከመንገድ በፊት የመጨረሻው ፍተሻ

ጥገናው ካለቀ በኋላ፣ ከመነሣት በፊት እጀታውን ደጋግሞ በመጨበጥ መጠንከሩን ማረጋገጥ ግዴታ ነው። ፒስተኑ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከነበረ የመጀመሪያዎቹ ጭብጫዎች ባዶ ይሆናሉ። ይህን ሳያደርጉ የተነሡ አሽከርካሪዎች የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ያጣሉ። ቀጥሎ የፔርኖውን ዳዶ፣ ጨማቂዋን ብሎንና የካሊፐሩን ሁለት ብሎኖች አንድ በአንድ በቁልፍ መፈተሽ፤ ጎማውን ግራና ቀኝ ይዞ በማወዛወዝ የኩሽኔታ መላላት አለመኖሩን ማየት፤ በመጨረሻም ሰው በማይበዛበት ሜዳ ላይ በዝግታ መሞከር ይገባል። ከተወሰነ ጉዞ በኋላ ቆሞ ሙቀቱን ዳግም መፈተሽ ይመከራል።

በቁልቁለት ላይ ደግሞ ፍሬንን ከማገል የሚያድነው ማርሽ ነው። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ መጀመር፣ ሁለቱንም ፍሬኖች እየያዙና እየለቀቁ መጠቀም፣ መጋል ሲሰማ ከመንገድ ወጣ ብሎ ማቀዝቀዝ ተገቢ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ አውጥቶ መውረድ ሙሉ ሸክሙን በፍሬን ላይ ይጥላል። በጥቂት ብር ቤንዚን የሚተርፈው ገንዘብ አንድ ሸራ እንኳ አይገዛም፤ ሕይወትንም አይመልስም።

የአገጣጠም ቅደም ተከተልን፣ የማራራቂያ ቀለበቶችንና የገመድ ልቀትን ማስተካከል መሠረታዊ ቁልፎች ያሉት ጥንቁቅ ባለቤት በራሱ ሊያከናውነው የሚችል ሥራ ነው። የካሊፐር ውስጥ ጎሚኒ፣ በመሪው ላይ ያለው ፓምፕና የጠመመ ዲስክ ግን ወደ ሠለጠነ መካኒክ መቅረብ አለባቸው። ሞተሩን ከጋራዥ የሚረከብ ሰውም የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጁ አሽከርክሮ ማየት መብቱ ነው። ይህ ፍተሻ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ ሒሳብ ከመክፈል በፊት ቢደረግ ደግሞ ባለቤቱንም መካኒኩንም ከኋላ ጭቅጭቅ ያድናል።